ሁለት አንገትጌ የነበራት የነገሌ ድመት

ባለፈው ወር ለሱሪዬ ዚፕ ልገዛ መርካቶ ገብቼ ነበር። ክርና ቁልፍ ከሚሸጥባቸው ጠባብ ሱቆች በአንዱ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆመች ልጅ ሰማያዊ የኪሮሽ ክር ጠየቀች። ባለሱቁ፣ "ለምን ሥራ ነው? ለአልጋ ልብስ ከሆነ ወፍራሙን ልስጥሽ" አላት። "ለድመቴ አንገት ነው" አለችው። "እኛ ለራሳችን አንገት ሻርፕ አጥተናል!" አለና በሳቅ ፈረሰ፤ ወረፋ የያዘውም ሁሉ አብሮት ሳቀ። ልጅቱ ሳቁን ከቁም ነገር ሳትቆጥር የክሩን ጫፍ ሳብ አድርጋ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል እያፍተለተለች ጥንካሬውን መሞከር ጀመረች። ያንን አያያዝ አውቀዋለሁ። ያየሁት ግን እዚያ ሱቅ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች አንዳቸውም ባልተወለዱበት ዘመን፣ ነገሌ ቦረና፣ አንዲት የሃምሳ አለቃ ሚስት እጅ ላይ ነው። ዚፑን ሳልገዛ ወጣሁ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በወሬ ሥራ ነው። ጎርፍ አይቻለሁ፣ ድርቅ አይቻለሁ፣ ጦር ሜዳም ቆሜያለሁ። ሁለት ሰው ያላረጋገጠልኝን ነገር ጽፌ አላውቅም፤ አለቆቼ ቸኩል ሲሉኝ እንኳ አልቸኩልም። የሆነውን በዓይኔ አይቼ፣ የተባለውን በጆሮዬ ሰምቼ፣ አንድ በአንድ አጣርቼ ሳበቃ፣ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ በውል ያልገባኝ ጉዳይ ግን አንድ አለ። እሱም የዚያች ድመት ጉዳይ ነው።

ነገሌ በዚያን ጊዜ ከጦር ሰፈርና ከገበያ ተጣጥፋ የተሰፋች ከተማ ነበረች። ስፌቱም ጎላ ብሎ ይታይ ነበር። ከላይ በኩል የወታደሮቹ ረድፍ ቤቶች፣ ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች፣ ጧት ጧት የሚነፋ መለከት፤ ከታች በኩል የቆርቆሮና የሳር ቤቶች፣ የሱማሌ ነጋዴዎች ሱቆች፣ የግመልና የፍየል ገበያ። መሀላቸው ቀይ አቧራ ነበር። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከላይ ወደ ታች የወረደ ሰው ሲመለስ ሸሚዙ የሸክላ ቀለም ይይዛል። ውሃ በአህያ በርሜል እየተጫነ ይሸጣል፤ ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ጠርሙስ ለስላሳ ስሙኒ፣ እኔ የተከራየኋትን የምታህል ክፍል በወር አሥር ብር። የእኛ ሱሪ ከጉልበቱ በታች እየሰፋ የሄደበት ጊዜ ነበር፤ ግራሩ ሥር በመርገጫ መኪና የሚሰፋው ልብስ ሰፊ፣ "ጨርቁ የናንተ ነው፣ መንገዱን ስለሚጠርግ ግን ማዘጋጃ ቤት ቢከፍለኝ ጥሩ ነበር" እያለ ይቀልድብናል። ነዳጅ በእጅ ከሚቀዳበት ማደያ ማዶ ባለው ቡና ቤት አንድ የሸክላ ማጫወቻ ነበረ። መርፌው ደንዝዞ ስለ አንዲት የወንዝ ማዶ ልጅ የተዘፈነውን አንዱን ስንኝ ብቻ ይደጋግማል፤ ልጅቱ ወንዙን ተሻግራ ይሁን ሳትሻገር፣ ከዚያ ቤት ደንበኞች ማንም አላወቀም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ ጉዳይ ነገሌ ሄጄ ያንን ማዕዘን ፈልጌ ነበር። አንዱ እዚህ ነው አለኝ፣ ሌላው እዚያ ነው አለኝ። ሁለቱም የስልክ መለዋወጫ ይሸጡ ነበር።

ወደዚያ የሄድኩት የአውራጃውን ወሬ ለጋዜጣ እንድሰበስብ ተልኬ ነው። የተከራየሁት ክፍል የሃምሳ አለቃ ተሰማ ግቢ ውስጥ ነበር። እሳቸው ጎጃሜ ናቸው፤ ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያበራ፣ ከሞያሌ ድንበር ጥበቃ የጦሩ መኪና እያመላለሳቸው ግማሽ ወር እዚያ ግማሽ ወር እዚህ የሚኖሩ። ሚስታቸው እትዬ ዘነበች የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት። ልጅ አልነበራቸውም። ኪሮሽ የምትሠራው እትዬ ዘነበች ነበረች፤ በጦር ሰፈሩ የሻለቃው ቤት ጠረጴዛ ልብስ፣ የሻምበሉ ሚስት የትራስ ዳንቴል፣ የሬዲዮ መሸፈኛው ሁሉ የእሷ እጅ ነው። ስትሠራ ወደ መርፌው አታይም፤ ወደ በሩ ታያለች፤ አፏም ሥራ አይፈታም።

ድመቷ ብርቄ ትባላለች። አመድማ ሆና ደረቷ ነጭ ነው። እትዬ ዘነበች ከጦሩ እህል ግምጃ ቤት እንደ ጓያ ፍሬ ትንሽ ሳለች አምጥታ ነው ያሳደገቻት። በዚያ ቤት ድመቷ ከእኔ የተሻለ ትበላለች። ወተት ታች ሰፈር ከምትኖር ሎኮ ከምትባል አሮጊት የቦረና ሴት በየጧቱ ይመጣል። ሎኮ ቀጥ ያለች፣ ቀጭን፣ ጥርሷ ገና ያልረገፈ ሴት ናት። ወተቱን የምታመጣው ቦረናዎች ከተክል ሥር በሚያወጡት ክር ሸምነው በሚሠሩት፣ ጮጮ በሚሉት ዕቃ ነው። ጮጮውን ውስጡን በእንጨት ጭስ ስለሚያጥኑት ወተቱ የጭስ ጣዕም አለው። እኔ ወድጄው ነበር። እትዬ ዘነበች ግን የመጀመሪያ ሰሞን ቀምሳ፣ "ይኼ ወተት ነው ወይስ የተቃጠለ ቤት?" ብላ እደጁ ላይ ደፍታዋለች፤ ሎኮም ቆማ ነበር። ቦረና ፊት ወተት መድፋት ምን ያህል ነውር እንደሆነ እኔም እሷም ያን ጊዜ አላወቅንም። አሮጊቷ የተደፋውን ቁልቁል አየች፣ ጎንበስ ብላ ባዶ ጮጮዋን አነሳችና፣ "ነገም አመጣለሁ" ብላ ሄደች። አመጣችም። እትዬ ዘነበች ከጊዜ ብዛት ጭሱን ለመደችው፤ "ሎኮ፣ ዛሬ አረፈድሽ"፣ "ሎኮ፣ መስፈሪያሽን አትቀንሺ" እያለች ትጠራት ነበር፤ ሰው ወተት ሻጭን እንደሚጠራው።

አንድ ሰሞን በከተማው የእብድ ውሻ በሽታ ገባ ተባለ። ማን እንደተነከሰ ጠይቄ ነበር፤ የተነከሰው ሰው በየቀኑ ይለዋወጥ ነበር። የሆነ ሆኖ የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ጃርሶ የጥሩንባ ድምፁን ይዞ በየሰፈሩ ዞረ፦ ባለቤት ያለው ውሻና ድመት ሁሉ አንገቱ ላይ ምልክት ይታሰርለት፤ በሚመጣው የገበያ ቀን ባለቤቱ ይዞት ቀርቦ "የእኔ ነው" ይበል፤ በምልክቱ ላይ ቀይ ቀለም ይቀባል። ቀይ ቀለም የሌለው ይገደላል። ይህንኑ በአማርኛ ተናግሮ በኦሮምኛ ደገመው፤ በኦሮምኛ ሲሆን ትንሽ ረዘም ያለና ሳቅ ያለበት ነበር።

እትዬ ዘነበች የዚያኑ ዕለት ሥራ ጀመረች። ሃምሳ አለቃ ከሞያሌ ሲመለሱ ያመጡላት አንድ ጥቅል ሰማያዊ ክር ነበራት፤ ወዲያ ማዶ ከኬንያ የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ሰማያዊ በነገሌ ሱቅ አይታይም። ከውሃ ሰማያዊ ይጠቁራል፣ ከእርሳስ ሰማያዊ ይፈካል። ሃምሳ አለቃም ሲሰጧት፣ "ሱቁ ውስጥ የቀረው ይኼ አንድ ጥቅል ብቻ ነው፤ ሁለተኛ አይመጣም አለኝ" ብለዋት ነበር። ለዓመት በዓል ልብስ ጥለት አስቀምጣው፣ አሁን ለድመት አወጣችው።

"ለድመት ነጭ ክር አይበቃም?" አልኳት።

"ቀይ ቀለም የሚያምረው በሰማያዊ ላይ ነው" አለችኝ። "ደግሞ አንተ ወሬ ሰብስብ፤ ክር ለእኔ ተውልኝ።"

መጀመሪያ በሰንሰለት ጥልፍ ጀመረች። የድመቷን አንገት በሁለት ጣቷ ለካች፤ ድመቷ ግን ልኬቱን እንደ ጨዋታ ቆጥራው ክሩን ይዛ አልጋ ሥር ገባች። የመጀመሪያው ለፍየል የሚሆን ሆነ፤ ተረተረችው። ሁለተኛው ለእኔ የእጅ ሰዓት የሚሆን ሆነ። ሦስተኛው ላይ ጫፉን በቀለበት ጨርሳ ትንሽ ቁልፍ ሰፋችበት፤ ቀለበቱን ግን ላላ አደረገችው። "ለምን አላጠበቅሽውም?" ብላት፣ "እዚህ አገር ያልሾኸ እንጨት የት አለ? ግራር ላይ ስትወጣ ቢይዛት ትታነቃለች። በኃይል ሲሳብ ይልቀቅ" አለች። እንደዚያ ዓይነት ጥንቃቄ ብዙ መሐንዲስ ላይ አላየሁም። ጠርዙን በትናንሽ ማዕበል ጨረሰችው። የሻለቃው ቤት ጠረጴዛ ልብስ ላይ ያለው ጠርዝ ነው።

ጨርሳ አንገትጌውን በመዳፏ ዘርግታ እያየችው ሳለ፣ ጠፍታ የዋለችው ብርቄ በበሩ ገባች። አንገቷ ላይ አንገትጌ ነበረ። ሰማያዊ ነው። ያው ሰማያዊ።

እትዬ ዘነበች አንዴ በእጇ ያለውን አየች፣ አንዴ ድመቷን አየች። ከዚያ እኔን፤ የሠራሁት እኔ ይመስል። ድመቷን ይዛ አንገትጌውን አገላብጣ መረመረችው። ኪሮሽ አልነበረም። ክሩ እየተደራረበ፣ እየተጠባበቀ፣ ውሃ እንዳያሳልፍ ተደርጎ ተሸምኗል፤ ጉሮሮዋ ላይ አንዲት ነጭ ዛጎል ተሰፍታለች። ጫፉን ሳብ አድርጋ በሁለት ጣቷ አፍተለተለችው።

"ክሩ የእኔ ነው" አለች። "እጁ ግን የእኔ አይደለም።"

ሃምሳ አለቃ ከሰዓት በኋላ ከጦር ሰፈር መጡ። እኔ ደጃፌ ላይ ጫማዬን እየጠረግኩ ነበርና ሁሉንም ሰማሁ።

"ስንት ጥቅል ነበር ያመጣኸው?" አለቻቸው።

"ምኑን?"

"ክሩን።"

"አንድ። ነግሬሽ የለ?"

ድመቷን ብድግ አድርጋ ፊታቸው ላይ ያዘቻት። "ይኼስ ከየት በቀለ?"

ሃምሳ አለቃ ድመቷን አዩ፤ ድመቷም አየቻቸው። "ከሞያሌ የሚመጣ ክር ብዙ ነው" አሉ በመጨረሻ።

"አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር ያልከው አንተ አይደለህም?"

"ዘኑ፣ በድመት ክር ልንጣላ ነው እንዴ?"

"የምንጣላው በድመት አይደለም።"

ባርኔጣቸውን አነሱ፤ ሻዩ እንደቀረበ ቀረ፤ ወጡ። ሲወጡ ወደ ጦር ሰፈሩ ሳይሆን ቁልቁል መውረዳቸውን አየሁ። እሷም አየች።

"ሴት አለችው" አለችኝ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ለእኔ ግማሹን፣ ለእሷ ግማሹን። ድመቷ እንኳ ታውቃለች። የገበያ ቀን ወደ ክብረ መንግሥት የሚወጣው የጭነት መኪና ላይ ሳጥኔን እጭናለሁ። በወደራ አድርጌ አባቴ ቤት እገባለሁ። ከዚያ በፊት ግን የሴትዮዋን ስም ማወቅ እፈልጋለሁ። ወሬ ሥራህ አይደል? አጣራልኝ።"

በሕይወቴ ብዙ ዓይነት ሥራ ተሰጥቶኛል፤ ድመት ተከተል የተባልኩት ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው። በማግስቱ ወተቱ ተቀድቶ ሎኮ ስትሄድ፣ ብርቄም ከአጥሩ ዘላ ወጣች። ተከተልኳት። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ፣ አንዴም ቆማ መዳፏን እየላሰች ታስጠብቀኛለች። በልብስ ሰፊው ግራር ሥር አለፍን፤ "ጋዜጠኛ፣ ሚኒስትር ናት?" ብሎ ሳቀብኝ። በማደያው፣ በመስጊዱ ግድግዳ ጥግ፣ ሴቶች ቆዳ ላይ ማሽላ ከሚያሰጡበት ሜዳ በኩል ወረድን። እስካሁን የማይገባኝ አንድ ነገር አለ፤ ከድመቷ ፊት ሎኮ ጮጮዋን ይዛ እየሄደች መሆኗን በዓይኔ እያየሁ፣ ድመቷ ወተቱን እየተከተለች መሆኗ አልታየኝም። ሌላ ሴት፣ ወጣት ሴት፣ ሽቶ የተቀባች ሴት በየበሩ እየፈለግኩ ነበር። ድመቷ ከአንዲት ንጹሕ የሳር ጎጆ ስትገባ፣ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ሃምሳ አለቃ ተሰማ በካናቴራ ሆነው ጣሪያው ላይ ወጥተው ሳር ይጠቀጥቃሉ። ሎኮ ከታች ሆና ሳር ታቀብላለች።

"አያዮ፣ ያንን ረዘም ያለውን" አሉ ከላይ። አያዮ በቦረና እናቴ ማለት ነው። ይህን ያህል ኦሮምኛ አውቅ ነበር።

ስቅቅ ሳልል ገባሁ፤ መሸሽ ሥራዬ አይደለም። "አካም፣ ናጋ" አልኩ። አሮጊቷ "ናጋ" ብላ በርጩማ ሰጠችኝ። ሃምሳ አለቃ ከጣሪያው መውረጃው ጠፋቸው።

"ዘኑ ናት የላከችህ?" አሉ እዚያው ሆነው።

"አዎ።"

"ይኸውልህ" አሉና ሳር መጠቅጠቃቸውን ቀጠሉ። የነገረችኝ ሎኮ ናት፤ አማርኛዋ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፣ ግን አንድም ቃል አላባከነችም።

"ሞያሌ መንገድ ላይ፣ ዱብሉቅ፣ የውሃው ጉድጓድ አጠገብ ወደቀ እሱ። ወባ ነው። ጓደኞቹ መኪና ሊያመጡ ሄዱ፣ ቆዩ። የእኔ ልጅ ሞቶ ነበር በዚያ ዓመት። እኔ ወተት ሰጠሁት፣ ተነሳ። ሽማግሌዎች ጠየቁት፣ ይህችን ሴት ምን ትላታለህ አሉት። አያዮ አለ። ቅቤ ራሱ ላይ አደረጉ፣ መረቁ። አለቀ። ልጄ ነው።"

"ጉዲፈቻ?" አልኳት። በዚያን ጊዜ ጉዲፈቻ ለሕፃን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

"ምን ትላለህ አንተ፣ ጢም ያለው ልጅ እናት አያስፈልገውም?"

"ታዲያ አዴ ሎኮ፣ ለምራትዎ ለምን አልነገሯትም?"

ገርሟት አየችኝ። "እኔ? የልጅን ነገር ልጅ ይናገራል። እናት ሄዳ 'እናት ነኝ' ትላለች እንዴ?"

"ወተቱንስ ለምን ይሸጡላታል?"

"ሳልሸጥ በየትኛው በር እገባለሁ?"

ሃምሳ አለቃ በመጨረሻ ወረዱ። ሳር ጸጉራቸው ውስጥ ነበር። "ለአለቃ ሪፖርት ማድረግ አውቃለሁ" አሉኝ፤ "ይህን ግን ከየት ነው የምጀምረው? የወለደችኝ እናቴ በሕይወት አለች። ብትሰማ 'ሳልሞት እናት ለወጥክብኝ' ትላለች። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ አያዮን ወደ ከተማ አመጣኋት። ከዚያ ዘኑ ወተቱን ደፋች። ያን ቀን መንገር ነበረብኝ። ያን ቀን ግን ጭራሽ አፌ ተያዘ። ክሩን ሁለት ጥቅል ነው የገዛሁት፤ ለሚስት ተገዝቶ ለእናት ይቀራል?" ሎኮ ግን ዘበኛው የተናገረውን ሰምታ፣ በየቀኑ ወተቷን ተከትላ ለምትመጣ ድመት በጮጮ ሽመና አንገትጌ ሠርታላት ነበር። ስሟን እንኳ አታውቅም፤ "አዱሬ" ትላታለች፣ ድመት ማለት ነው።

ያጣራሁትን ይዤ ተመለስኩ። እንደዚያ ቀን የተጣራ ወሬ ይዤ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ለመናገር ተቸግሬ አላውቅም።

"ስሟ ማን ነው?" አለች እትዬ ዘነበች።

"ሎኮ።"

"ሌላ ሎኮ አለች?"

"የለችም። ወተት የምታመጣልሽ ናት።"

መጀመሪያ ሳቀች። ከልቧ ሳቀች፤ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። "አሮጊቷ! ተሜ ከአሮጊቷ ጋር!"

"እትዬ፣ ውሽማቸው አይደለችም። እናታቸው ናት።"

"እናቱን አውቃታለሁ። ደብረ ማርቆስ ናት።"

"ይህቺኛዋ ደግሞ ዱብሉቅ ያገኟት ናት" ብዬ የሰማሁትን ሁሉ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ በቅደም ተከተል ነገርኳት። ፊቷ ላይ ሳቁ ቀስ እያለ ሄደ። ወተቱ ወደተደፋበት ደጅ አየች። እዚያ አፈር እንጂ ምንም የለም።

"ሴት ብትሆን ኖሮ የማደርገውን አውቅ ነበር" አለች። "ጸጉሯን እነጭና ሳጥኔን እጭናለሁ። እናት ያገኘ ባል ምን ይደረጋል? አንተ ተምረሃል፤ ንገረኝ።"

"አላውቅም፣ እትዬ።"

"እኔ አማቴን መስፈሪያ አትቀንሺ እያልኩ፣ እሱ እዚህ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ! ማታ ማታ ምን ሲል ነበር በሆዱ? ሲስቅብኝ ነበር?" እኔ ሃምሳ አለቃ ሲስቁ አይቼ እንደማላውቅ ልነግራት ፈለግኩ፤ ግን ማስረጃ መሆኑን ተጠራጠርኩ። ሳጥኗን መክተት ጀመረች። ሲነጋም ሲመሽም ሃምሳ አለቃ እየመጡ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ "ዘኑ" ይላሉ፣ ከዚያ ሌላ ቃል አይመጣላቸውም። "ሪፖርትህን ጨርስ!" ትላቸዋለች። አይጨርሱም። ሎኮም በእነዚያ ቀናት ወተት አላመጣችም፤ እትዬ ዘነበች ግን በየጧቱ መለከቱ ሲነፋ በሩን ከፍታ ትጠብቅ ነበር። ተቆጥታ ነው የምትጠብቃት ወይስ አፍራ፣ ያን ጊዜ ሊገባኝ አልቻለም። አሁንም አልገባኝም።

ይህን በምጽፍበት ሰሞን ለማጣራት ስል፣ በዚያን ዘመን ነገሌ ያስተምር የነበረ ወዳጄን ጠየቅኩት። እንደዚያ ያለ የቀለም ትእዛዝ ከናካቴው አልነበረም ብሎ ማለልኝ፤ ውሾች ብቻ ናቸው አለ። ሌላ አንድ የጦር ሰፈር ልጅ ደግሞ ድመቷን አስታውሳታለሁ፣ ወንድ ነው፣ ነጭ ነው አለኝ። ሁለቱም ሐቀኛ ሰዎች ናቸው። እኔ የማስታውሰውን እጽፋለሁ።

የገበያው ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ደጅ እንደዚያ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ድመት በቅርጫት፣ ድመት በጆንያ፣ ድመት በካፖርት እጅጌ። የሱማሌው ነጋዴ ለድመቱ ከሐር ሻርፕ ጫፍ ቀዶ አስሮለታል። አንድ የቦረና ሽማግሌ አንገቷ ባዶ የሆነ ድመት ይዘው ጆሮዋን ያሳያሉ፤ ከብት እንደሚደረገው በጎሳቸው ምልክት ጫፉ ተቆርጧል። "ይህን ያላየ ምን ያያል?" ይላሉ። ጃርሶ የቀለም ጣሳውን ይዞ፣ "አባቦ፣ እኔ አነበዋለሁ፤ ማዘጋጃ ቤት ግን ጆሮ ማንበብ አልተማረም!" ይላቸዋል። ከጎኑ ለባለቤት የለሾቹ የተዘጋጀ ትልቅ ጆንያ ነበር። ጆንያው ይንቀሳቀሳል። ከግራሩ ማዶ የክብረ መንግሥት የጭነት መኪና ቆሟል፤ የእትዬ ዘነበች ሳጥን ከጎማው አጠገብ ተቀምጧል፤ ሃምሳ አለቃ ከሳጥኑ አጠገብ ቆመዋል፤ ረዳቱ ጭነት እያሰረ ነው።

እትዬ ዘነበች በኪሮሽ የሠራችውን አንገትጌ በእጇ ይዛለች። ድመቷ ግን ከትናንት ጀምሮ ጠፍታለች። ሰልፉ ሊያልቅ ሲል ሎኮ መጣች፤ ብርቄን በትከሻዋ ልብስ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋታለች። ቀጥ ብላ ወደ ጃርሶ ሄደች።

"የማን ናት?" አለ ጃርሶ።

"የእሷ ናት" አለች ሎኮ፤ በአገጯ ወደ እትዬ ዘነበች አመለከተች።

እትዬ ዘነበች ደንገጥ አለች። "የእኔ አይደለችም" አለች። "የእሳቸው ናት። አንገቷ ላይ ያለው የእሳቸው እጅ ነው።"

"እሷ አሳደገች፣ የእሷ ናት" አለች ሎኮ።

"ቤቷ እሳቸው ጋ ነው። እኔ እየሄድኩ ነው፤ መኪናው ያውልህ።"

ጃርሶ ብሩሹን ይዞ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አየ። "ሰው ለድመት ሲጣላ አይቻለሁ፤ ሲገፋፋባት ግን ዛሬ አየሁ። ስሙ! ሁለቱም የእኔ አይደለችም ካሉ ባለቤት የላትም ማለት ነው።" ጎንበስ ብሎ የጆንያውን አፍ ፈታ።

ሎኮ ድመቷን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች። የልጅን ነገር ልጅ ይናገራል ያለችኝ ሴት ናት፤ በሰው ፊት 'የእኔ ናት' ትላለች ብዬ አልጠበቅኩም። ወደ ሃምሳ አለቃ ተመለከትኩ። ጎንበስ ብለው የሳጥኑን እጀታ ያዙ።

"ተው!" አለች እትዬ ዘነበች። የገበያው ሰው ሁሉ ዞረ። "ጆንያህን ዝጋ! የአማቴ ናት አልኩህ!"

"የማን?"

"የአማቴ! የተሰማ እናት ናቸው። አታውቅም ነበር? እኔም አላውቅም ነበር። ቀባ!"

ጃርሶ ቀባ። ዛጎሏ ቀይ ሆነች። ሎኮ አማርኛ አሳምራ የምትሰማ ሴት ሆና ሳለ፣ ወደ ሃምሳ አለቃ ዞራ በኦሮምኛ፣ "ምን አለች?" ብላ ጠየቀቻቸው። ሃምሳ አለቃ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሎኮም እንደገና ጠየቀች፣ "ኢልማ ኪያ፣ ልጄ፣ ምን አለች?"

ጃርሶ ዝም ማለት አይችልም። "እሺ፣ ድመቷ የአማት ሆነች። ሃምሳ አለቃስ የማን ናቸው? ቀለም ተርፎኛል!"

"እሱን ገና አልወሰንኩም" አለች እትዬ ዘነበች። ሰው ሁሉ በሳቅ አወካ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ረዳቱ ከመኪናው ላይ፣ "እመቤት፣ ሳጥኑን ላውጣው? መሄዳችን ነው!" ብሎ ጮኸ። እሷም እያየችው ቆየች፤ ነፋሱ የነጠላዋን ጫፍ እያነሳ ይጥላል። ከዚያ የአሮጊቷን ክንድ ያዘች። "እኚህ ሰው በዚህ ፀሐይ ቆመዋል" አለች ማንንም ሳታይ፤ "ቤታቸው ላድርሳቸው።" ሁለቱ ሴቶች ድመቷን ይዘው በገበያው መሀል አለፉ።

መኪናው ተነስቶ አቧራውን ለቀቀብን። ሃምሳ አለቃ ተሰማ ሳጥኑን ብድግ አድርገው ትከሻቸው ላይ አወጡት። ጥቂት ተራመዱና መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ሽቅቡ ወደ ቤታቸው ይወስዳል፤ ቁልቁሉ ወደ ሎኮ ጎጆ። ላቡ በፊታቸው ላይ ይወርዳል። ዞረው አዩኝ።

"አንተ" አሉኝ፤ "ሳጥኑን ወዴት ነው የምወስደው?"

ያየሁትን ሁሉ፣ የሰማሁትን ሁሉ በፍጥነት በአእምሮዬ አሰላሁ። "አላውቅም፣ ሃምሳ አለቃ" አልኳቸው።

ሳጥኑን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ቁልቁል ወረዱ።